«ብራዘርስ ኤንድ ሲስተርስ»፦ በሐዘን መካከል የተቀዳው የደቡብ ሮክ አልበም

በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል፣ በጆርጂያ ግዛት በምትገኘው በሜከን ከተማ የተቀዳው «ብራዘርስ ኤንድ ሲስተርስ» የኦልማን ብራዘርስ ባንድ አራተኛው የስቱዲዮ አልበም ነው። ስሙ በአማርኛ «ወንድሞችና እህቶች» እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1973፣ በእኛ አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም ክረምት ለአድማጭ ቀርቦ በአሜሪካ የአልበሞች ሽያጭ ሰንጠረዥ ለአምስት ሳምንታት የአንደኝነቱን ቦታ ይዞ ቆይቷል። ባንዱ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ በሰንጠረዡ አናት ላይ የተቀመጠ ሌላ አልበም የለውም።

ይሁን እንጂ ይህ ከሁሉ በላይ የተደመጠው ሥራ የተሠራው ባንዱ ከሁሉ በላይ በተጎዳበት ወቅት ነበር። መሥራቹና መሪው በሞት ከተለየ ዓመት እንደ ሞላ፣ ቀረጻው ገና በተጀመረበት ጊዜ ሁለተኛው ባልደረባ በተመሳሳይ አደጋ ሞተ። አልበሙን ዛሬም የሚያስጠቅሰው ከሽያጩ ይልቅ ባንዱ የሁለቱን ሰዎች ጎዶሎ የሞላበት መንገድ ነው። በዚህ ጽሑፍ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የጥጥና የኮክ አገር ሙዚቃ

ሜከን በኦክሙልጊ ወንዝ ዳር የተቆረቆረች፣ በዙሪያዋ ጥጥና ኮክ ሲመረትባት የኖረች ከተማ ናት። ዝነኛው ድምፃዊ ሊትል ሪቻርድ የተወለደው በዚህች ከተማ ሲሆን ኦቲስ ሬዲንግም ያደገው በዚያው ነው። የሬዲንግ ሥራ አስኪያጅ የነበረው፣ በሜከን ያደገው ፊል ዋልደን፣ ድምፃዊው በ1967 በአውሮፕላን አደጋ ከሞተ በኋላ ካፕሪኮርን የተባለውን የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት መሠረተ። በ1969 በፍሎሪዳዋ ጃክሰንቪል ከተማ የተቋቋመው ኦልማን ብራዘርስ ባንድም ወደ ሜከን የመጣው በዋልደን ጥሪ ነበር።

ባንዱ የሚጫወተው ሙዚቃ ከሁለት የገጠር ምንጮች የተቀዳ ነው። አንደኛው በጥጥ እርሻዎች ላይ ጉልበታቸውን ካፈሰሱ ጥቁር አሜሪካውያን የወረደው ብሉዝ ሲሆን፣ ሁለተኛው የነጭ አርሶ አደሮች ዘፈን የሆነው ካንትሪ ነው። በዚህ ላይ የጃዝ ሙዚቀኞችን ልማድ በመከተል አንዱን ዜማ ለረጅም ጊዜ እየዘረጉና እየቀያየሩ መጫወትን ጨመሩበት። ይህ ቅይጥ ኋላ «ሳውዘርን ሮክ»፣ ማለትም የደቡብ ሮክ የሚል ስም ወጣለት። የባንዱ ድምፃዊ ግሬግ ኦልማን ግን ስያሜውን አይወደውም ነበር። ሮክ ራሱ የተወለደው በደቡብ በመሆኑ «የደቡብ» የሚለው ቅጽል ትርፍ ነው ባይ ነበር።

ከስድስቱ መሥራቾች ውስጥ ድራም ተጫዋቹ ጃይሞ ጥቁር፣ የቀሩት አምስቱ ነጮች ነበሩ። በአሜሪካ የዘር መለያየትን የከለከለው የሲቪል መብቶች ሕግ ከወጣ ገና አምስት ዓመቱ ነበር። ጥቁርና ነጭ ወጣቶች በአንድ ቤት እያደሩ፣ ከአንድ ማዕድ እየበሉ በደቡብ ከተሞች ሲዘዋወሩ መታየታቸው በራሱ ብዙ ዓይን የሚስብ ነገር ነበር። አልበሙ «ወንድሞችና እህቶች» ተብሎ ሲሰየም ቃሉ ይህን አኗኗር ጭምር የሚገልጽ ነበር።

ሁለት ሞት በአንድ ሰፈር

የባንዱ መሥራች ዱዌን ኦልማን የግሬግ ታላቅ ወንድም ነው። ጣቱ ላይ ባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ አጥልቆ የጊታሩን ክሮች እያንሸራተተ የሚያወጣው ድምፅ እስከ ዛሬ የጊታር ተማሪዎች የሚያጠኑት ነው። ባንዱ በ1971 ከመድረክ የተቀዳውን «አት ፊልሞር ኢስት» የተባለ አልበም አውጥቶ ስሙ መግነን በጀመረበት ወቅት፣ ጥቅምት 29 ቀን 1971 ዱዌን በሜከን ጎዳና ላይ ሞተር ብስክሌት ሲነዳ ከከባድ መኪና ጋር ተጋጭቶ በ24 ዓመቱ ሞተ። ቀጣዩ አልበም «ኢት ኤ ፒች»፣ ማለትም «ኮክ ብላ» የሚል ርዕስ ስለነበረው ዱዌንን የገጨው ኮክ የጫነ መኪና ነው የሚል ወሬ ለዓመታት ሲናፈስ ኖሯል። ወሬው እውነት አይደለም። መኪናው የእንጨት ሥራ መኪና ነበር።

ከአንድ ዓመት ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ኅዳር 11 ቀን 1972 ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ቤሪ ኦክሊ በሞተር ብስክሌት ሲሄድ ከከተማ አውቶቡስ ጋር ተጋጨ። ቦታው ዱዌን ከወደቀበት ጥቂት መንገዶች ብቻ የሚርቅ ነበር። ኦክሊ ከወደቀበት ተነሥቶ ሕክምና አያስፈልገኝም በማለት ወደ ቤቱ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ይቀባዥር ጀመር፤ ሆስፒታል ሲደርስም ጊዜው አልፎ ነበር። የራስ ቅሉ ተሰንጥቆ አንጎሉ ውስጥ ደም ይፈስ ነበር። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው በእግሩ ቆሞ መሄዱ ስለ ደህንነቱ ማረጋገጫ እንደማይሆን የሚያሳይ አሳዛኝ ምሳሌ ነው። ዕድሜው እንደ ዱዌን 24 ነበር። ሁለቱም በሜከን ሮዝ ሂል መካነ መቃብር ጎን ለጎን ተቀብረዋል።

ኦክሊ ለባንዱ ከቤዝ ተጫዋች በላይ ነበር። ባልደረቦቹ፣ ሚስቶቻቸው፣ ልጆቻቸውና ሠራተኞቻቸው እንደ አንድ ቤተሰብ አብረው መኖር አለባቸው የሚለውን ሐሳብ አጥብቆ የያዘው እርሱ ነበር። በዚያው በ1972 ባንዱ ከሜከን በስተሰሜን በምትገኘው ጁሊየት አካባቢ 432 ኤከር፣ ማለትም ወደ 175 ሄክታር የሚጠጋ የገጠር መሬት በ160 ሺህ ዶላር ገዝቶ ነበር። «እርሻው» እያሉ የሚጠሩት ይህ ቦታ የኦክሊ ምኞት መፈጸሚያ ይሆናል ተብሎ ቢታሰብም፣ እርሱ የኖረበት ጊዜ እጅግ አጭር ሆነ።

ጊታሩ በጊታር አልተተካም

የባንዱ መለያ የዱዌንና የዲኪ ቤትስ ሁለት ጊታሮች ጎን ለጎን እየሄዱ አንድ ዜማ በሁለት ድምፅ መጫወታቸው ነበር። እንደ ጥማድ በሬ አንዱ የሌላውን እርምጃ ይጠብቅ ነበር። ከጥማዱ አንዱ ሲሞት ማንም በቅድሚያ የሚያስበው የሚመስለውን ፈልጎ ማጣመድን ነው። ባንዱ ግን ይህን አላደረገም። ለብዙ ወራት አንድ ጊታር ይዞ በአምስት ሰው ከተጫወተ በኋላ፣ በ1972 መኸር ቹክ ሊቬል የተባለ የ20 ዓመት የአላባማ ልጅ ፒያኖ ይዞ ተቀላቀለ።

ሊቬል ወደ ካፕሪኮርን ስቱዲዮ የመጣው ግሬግ ለብቻው ለሚያወጣው አልበም እንዲያጅብ ተጠርቶ ነበር። ከቀረጻ በኋላ ሌሎቹ እየመጡ አብረው ሲጫወቱ ቆዩ፤ የፒያኖው ድምፅም ከቤትስ ጊታር ጋር መጣጣሙን አስተዋሉ። በዚህ ውሳኔ ዱዌን በማንም ሳይተካ ቦታው ክፍት ሆኖ ቀረ፤ ሙዚቃው ግን አቅጣጫ ቀየረ። የሞተን ሰው አስመስሎ የሚጫወት ሰው ቢያመጡ ኖሮ አድማጩ በየምሽቱ ያነጻጽራቸው ነበር፤ ፒያኖን ከጊታር ጋር ግን ማን ያነጻጽራል?

በኦክሊ ቦታ የተተካው ከሚሲሲፒ የመጣው ላማር ዊሊያምስ ነው። የጃይሞ የልጅነት ጓደኛና ከቬትናም ጦርነት የተመለሰ ወታደር ሲሆን፣ በእርሱ መምጣት በባንዱ ውስጥ ያሉት ጥቁር ሙዚቀኞች ሁለት ሆኑ። ዊሊያምስ በ1983 በሳንባ ካንሰር ሞቷል። ለሕመሙ መነሻው በጦርነቱ የተረጨው «ኤጀንት ኦሬንጅ» የተባለ ቅጠል አርጋፊ ፀረ አረም ኬሚካል ሳይሆን እንዳልቀረ ይታመናል።

ሰባቱ ዘፈኖች

አልበሙ ሰባት ሥራዎችን ይዟል፤ ርዝመቱም ከ40 ደቂቃ ጥቂት ያንሳል። ቀረጻውን ባንዱና ጆኒ ሳንድሊን በጋራ መርተውታል። ኦክሊ የተጫወተው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዘፈኖች፣ በ«ዌስትድ ወርድስ» እና በ«ራምብሊን ማን» ላይ ብቻ ነው። በቀሩት አምስቱ ቤዙን የያዘው ዊሊያምስ ነው። ስለዚህ ሸክላውን ከመጀመሪያው አንሥቶ የሚያደምጥ ሰው በሁለተኛውና በሦስተኛው ዘፈን መካከል ባለው የጥቂት ሴኮንዶች ዝምታ ውስጥ አንድ ሰው እንደ ሞተ ልብ ማለት ይኖርበታል። በሙዚቃው ላይ ግን ስፌቱ አይታይም።

«ራምብሊን ማን»፣ ማለትም «ተንከራታቹ ሰው» በቤትስ የተደረሰና የተዘፈነ ነው። መንገድ ላይ የተወለደ የቁማርተኛ ልጅ ኑሮውን በጉዞ ሲያሳልፍ ይተርካል። የካንትሪው አንጋፋ ሃንክ ዊሊያምስ በ1951 ያወጣው ተመሳሳይ ርዕስ ያለው ዘፈን መነሻ ሆኖታል። ባልደረቦቹ ሲሰሙት ጥሩ ቢሆንም ከእነርሱ መንገድ ይልቅ ወደ ካንትሪ ያደላል ብለው ተጠራጥረው ነበር። ጥርጣሬው ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን ዘፈኑ በአሜሪካ የነጠላ ዘፈኖች ሰንጠረዥ ሁለተኛ በመውጣት የባንዱ ትልቁ ዝና ሆነ። አንደኛ እንዳይሆን የከለከለው የድምፃዊቷ የሼር ዘፈን ነበር። ግሬግ ኦልማን ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሼርን ማግባቱ የዘመኑ ጋዜጦች ሲቀባበሉት የነበረ ጉዳይ ነው። በዘፈኑ መጨረሻ የሚሰማውን ሁለተኛ ጊታር የተጫወተው እንግዳው ሌስ ዱዴክ ነው።

ከሁሉም የላቀው ግን ቃል የሌለው «ጄሲካ» ነው። ቤትስ ይህን ዜማ ሲፈጥር በእሳት አደጋ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች የተጎዱበትን የጃዝ ጊታር ተጫዋች ጃንጎ ራይንሃርትን እያሰበ፣ በሁለት ጣት ብቻ ሊወጣ የሚችል ዜማ ይፈልግ ነበር። ሕፃን ልጁ እየዳኸች ስትመጣ ዜማውን ከእርሷ እንቅስቃሴ ጋር አገጣጠመው፤ ስሟንም ሰጠው። ከሰባት ደቂቃ በላይ በሚዘልቀው በዚህ ሥራ ጊታሩ ዋናውን ዜማ ካስተዋወቀ በኋላ የሊቬል ፒያኖ ተቀብሎት ለረጅም ጊዜ ብቻውን ይጓዛል። ባንዱ ስለ ፒያኖው የወሰነው ውሳኔ ትክክል ስለመሆኑ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። በሳተላይት ቴሌቪዥን የብሪታኒያውን የመኪና ፕሮግራም «ቶፕ ጊር» የተከታተሉ ሰዎችም የመክፈቻ ሙዚቃው ከዚህ ዜማ የተወሰደ በመሆኑ ሳያውቁት ሰምተውታል።

ግሬግ የደረሳቸው «ዌስትድ ወርድስ» እና «ካም ኤንድ ጎ ብሉዝ» ጨለም ያለ ስሜት አላቸው። «ጄሊ ጄሊ» ከ1940ዎቹ የወረደ ብሉዝ ሲሆን በአልበሙ ውስጥ ከሌሎቹ ደከም ያለ ነው። «ሳውዝባውንድ» ፈጣንና ጉልበት ያለው ነው። የመጨረሻው «ፖኒ ቦይ» ኤሌክትሪክ መሣሪያ ሳይበዛበት በረጋ አጨዋወት የቀረበ ሲሆን፣ ታሪኩ ከቤትስ ቤተሰብ የመጣ ነው። አጎቱ ጠጥቶ መኪና በመንዳት እንዳይከሰስ ወደ መጠጥ ቤት በፈረስ ይሄድ ነበር፤ ፈረሱ መንገዱን ስለሚያውቅ ወደ ቤት ያደርሰዋል። ከሰባቱ አራቱን የጻፈው ቤትስ መሆኑ በዱዌን ዘመን ሁለተኛ የነበረው ሰው አሁን መሪነቱን እንደ ያዘ ያመለክታል።

የሽፋኑ ልጆች

በአልበሙ ሽፋን ላይ ሙዚቀኞቹ አይታዩም። ፊት ለፊት በወደቀ የዛፍ ቅጠል መካከል የቆመው ሕፃን የድራም ተጫዋቹ የቡች ትራክስ ልጅ ነው። በጀርባው ያለችው ሕፃን ደግሞ የሟቹ የቤሪ ኦክሊ ልጅ ናት። ሽፋኑ ሲከፈት ሙዚቀኞቹ፣ ሚስቶቻቸው፣ ልጆቻቸውና የመድረክ ሠራተኞቻቸው በአንድ ላይ ተሰብስበው ይታያሉ። ኦክሊ የተመኘው ቤተሰብ እርሱ በሌለበት በወረቀት ላይ ተሟልቶ ቀረ።

ቤተሰቡ በእርግጥ ግን አልጸናም። አልበሙ ከመውጣቱ ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ፣ ሐምሌ 28 ቀን 1973 ባንዱ ከግሬትፉል ዴድና ከዘ ባንድ ጋር በኒውዮርክ ግዛት ዋትኪንስ ግሌን ላይ 600 ሺህ ያህል ሕዝብ በተገኘበት ሜዳ ተጫውቷል። ገንዘቡና ዝናው ሲበዛ አደንዛዥ ዕፁም በዛ። ቀድሞ በአንድ መኪና ይጓዙ የነበሩት ሰዎች መድረክ ላይ ካልሆነ በቀር መተያየት አቆሙ። በ1976 በተካሄደ የአደንዛዥ ዕፅ ክስ ግሬግ ራሱ እንዳይከሰስ ዋስትና ተሰጥቶት በባንዱ የጉዞ ሠራተኛ ላይ መሰከረ። ሠራተኛው 75 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ይህ ፍርድ በኋላ ተሽሮ ቅጣቱ በእጅጉ ቢቀልለትም፣ ባልደረቦቹ ከግሬግ ጋር ዳግም እንደማይሠሩ አስታውቀው ባንዱ ፈረሰ። በ«ወንድሞችና እህቶች» እና በዚህ ምስክርነት መካከል ያለው ርቀት ሦስት ዓመት ብቻ ነው።

ባንዱ ከዚያ በኋላ በተለያየ ጊዜ ተሰባስቦ፣ ተለያይቶ፣ እንደገና ተሰባስቦ እስከ 2014 ዘልቋል። ቡች ትራክስና ግሬግ ኦልማን በ2017 ሞተዋል። ግሬግ ያረፈው ወንድሙና ኦክሊ በተቀበሩበት በሮዝ ሂል ነው። በ2024 ዲኪ ቤትስ ሲሞት ከስድስቱ መሥራቾች ጃይሞ ብቻ ቀረ። አልበሙ የተቀዳበት የካፕሪኮርን ስቱዲዮ አሳታሚ ድርጅቱ በ1979 ከከሰረ በኋላ ለዓመታት ተዘግቶ ቢቆይም፣ በሜርሰር ዩኒቨርሲቲ ታድሶ በ2019 ተከፍቷል።

የለውዝ ገበሬውና የዛፍ ገበሬው

ባንዱ ከሙዚቃ ውጪ ያሳደረው ተጽዕኖ ወደ ኢትዮጵያም የሚዘልቅ ጭራ አለው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የጆርጂያ ገዥ የነበሩት የፕሌይንሱ የለውዝ ገበሬ ጂሚ ካርተር ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚያውቃቸው ሰው ጥቂት ነበር፤ ገንዘባቸውም አነስተኛ ነበር። በወቅቱ የነበረው የምርጫ ሕግ ከግለሰቦች ለተሰበሰበ አነስተኛ መዋጮ መንግሥት ተመጣጣኝ ገንዘብ እንዲጨምር ይፈቅድ ነበር። ኦልማን ብራዘርስና ሌሎች የካፕሪኮርን ሙዚቀኞች ለካርተር ኮንሰርት ሲያዘጋጁ ትኬት የገዛ ሁሉ እንደ መዋጮ ሰጪ ተቆጠረ፤ ገቢውም በመንግሥት ድጋፍ ከፍ አለ። ያለ እነርሱ ፕሬዚዳንት ባልሆንኩ ነበር ሲሉ ካርተር ራሳቸው ደጋግመው መስክረዋል። ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ያቋቋሙት ካርተር ሴንተር በአማራ ክልል በትራኮማ መከላከል ሥራው የሚታወቅ ሲሆን፣ በ1993 በኢትዮጵያ የተጀመረውና በአርሶ አደሮች ማሳ ላይ የበቆሎና የስንዴ ማሳያዎችን ያስፋፋው የሳሳካዋ ግሎባል 2000 ፕሮግራምም ካርተር ከኖርማን ቦርሎግ ጋር የተሳተፉበት ነው።

ወደ እርሻው በእውነት የገባው ግን ፒያኖ ተጫዋቹ ሊቬል ነው። በ1981 ባለቤቱ በሜከን አቅራቢያ በምትገኘው የትዊግስ አውራጃ ከአያቷ መሬት ወረሰች። ሊቬል ስለ እርሻ የሚያውቀው ጥቂት ነበር። አካባቢው ለጥድ ተስማሚ መሆኑን ተረድቶ፣ በሙዚቃ ጉዞ ላይ ሳለ በተልዕኮ የደን ትምህርት ተከታተለ። ጥድ እንደ ጥጥ በየዓመቱ የሚሰበሰብ አይደለም። ችግኙ ከተተከለ በኋላ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ባሉት ዓመታት ውስጥ መካከሉ ይሳሳል፤ የተነሣው እንጨት ለወረቀት ይሸጣል። ለጣውላ የሚሆነው ግንድ የሚቆረጠው ከ25 እስከ 35 ዓመት ሲሞላው ነው። በየጊዜውም ሥር ያለው ቁጥቋጦ በጥንቃቄ በእሳት ይጸዳል፤ ይህም ድንገተኛ ቃጠሎን ይከላከላል።

ሊቬል ከ1982 ጀምሮ ከሮሊንግ ስቶንስ ጋር በዓለም እየዞረ ሲጫወት ይህን ሥራ አላቋረጠም። በ1999 እርሱና ባለቤቱ የአሜሪካ የዛፍ እርሻ ሥርዓት በአገር አቀፍ ደረጃ የዓመቱ ምርጥ የዛፍ ገበሬዎች ብሎ ሸልሟቸዋል። ስለ ደን የሚናገር መጽሐፍም ጽፏል። በ1972 መኸር የሞተውን ሰው ቦታ ሳይነካ ከጎኑ ተቀምጦ የተጫወተው የ20 ዓመቱ ልጅ፣ ዛሬ «ጄሲካ» በተቀዳበት ስቱዲዮ አቅራቢያ ጥድ ይተክላል።